አበልጄ «ዩኒየን ከገባሽ ስምሽ ሆም ኦፊስ ይደርሳል» አሉኝ

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሰሜን ምዕራብ ለንደን ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት በከተማው መሐል ባለ አንድ የቢሮ ሕንፃ የሌሊት ጽዳት እሠራለሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ሌሊት፣ በጠቅላላው 30 ሰዓት ነበር። በኤፕሪል የጽዳቱን ኮንትራት ሌላ ኩባንያ ወሰደው፤ በሜይ ደግሞ በስልክ መልእክት ብቻ «ከእንግዲህ የምትሠሩት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው» ተባልን። የምናጸዳው ፎቅ ግን አንድም አልቀነሰም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ኮሎምቢያዊት «ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) እንግባ» ትለኛለች። ሱፐርቫይዘራችን የሀገሬ ሰው ናቸው፤ ሥራውንም ያስገቡኝ፣ ልጄንም ክርስትና ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ነገሩ ሳማክራቸው «ዩኒየን የገባ ሰው ስሙ ሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) ይደርሳል፤ አርፈሽ ሥሪ» አሉኝ። ታላቅ ወንድሜም አባታችን በደርግ ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ በመሆናቸው ብቻ መታሰራቸውን እያነሳ ይከለክለኛል። እኔ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ የእህቴ ልጅ ግን ሌስተር ውስጥ በእንክብካቤ ሥራ ቪዛ ነው የምትሠራው፤ በእኔ ሰበብ እንዳትጎዳ እፈራለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? ስሜ አይጠቀስ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሳላጓትት ልመልስልዎት። በዚህ ሳምንት ለኩባንያው ደብዳቤ ይጻፉ፤ ከዚያ ዩኒየን ይግቡ። ቅደም ተከተሉን አስቤበት ነው ያስቀመጥኩት፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ፍርሃቱ መናገር ይኖርብኛል፤ ፍርሃቱ ካልወረደልዎት ደብዳቤውም አይጻፍም። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አበልጅዎ የነገሩዎት እውነት አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራት የአባላት መዝገባቸውን ለሆም ኦፊስ እንዲያስረክቡ የሚያዝ ሕግ የለም፤ ልማዱም የለም። እንዲያውም የሀገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የዩኒየን አባልነትን ከጤና፣ ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አመለካከት ጋር በአንድ መደብ አስቀምጦ የተለየ ጥበቃ ይሰጠዋል። አሠሪዎም ቢሆን አባል መሆንዎን የማወቅ መብት የለውም። የወር መዋጮ ሁለት ዓይነት አከፋፈል አለው፤ በአንዱ አሠሪው ራሱ ከደሞዝ ቆርጦ ለዩኒየኑ ያስተላልፋል፣ በሌላው ዩኒየኑ በዳይሬክት ዴቢት ከባንክ ሒሳብዎ ይወስዳል። እርስዎ ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ያን ጊዜ በፔይስሊፕዎ (በደሞዝ ወረቀትዎ) ላይ የሚታይ አንዳች ምልክት አይኖርም።

ወንድምዎን ግን እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላልፋቸው አልችልም፤ የሚናገሩት ያዩትን ነውና። ደርግ ነባሩን የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን በ1975 አፍርሶ በ1977 ለሥርዓቱ የሚታዘዝ ሌላ ማኅበር ሲተክል፣ በየፋብሪካው ማኅበር ይመሩ የነበሩ ሰዎች ከፊሎቹ ታሰሩ፣ ከፊሎቹ ተገደሉ። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው «ማኅበር» የሚለውን ቃል ሲሰማ መዝገብ፣ መዝገብ ሲሰማ ደግሞ ሌሊት የሚንኳኳ በር ቢታየው አይፈረድበትም። የብሪታንያም ታሪክ ከዚህ ዓይነቱ ነገር ፍጹም የጠራ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። በ2009 የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ድሮይትዊች በተባለች ከተማ የሚገኝ አንድ ቢሮ ሲፈትሽ ከ3,200 በላይ የግንባታ ሠራተኞች ስም የሰፈረበት ምሥጢራዊ መዝገብ አገኘ። ታላላቅ የግንባታ ኩባንያዎች ሠራተኛ ከመቅጠራቸው በፊት ለዚያ ቢሮ እየከፈሉ ስሙን ያስጠይቁ ነበር፤ ስለ ደኅንነት ጫማና ስለ ራስ ቁር ያጉረመረመ ሰው ለዓመታት ሥራ ያጣበት ምክንያት ሳይገባው ኖሯል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ላይ ነው። መዝገቡ ተወረሰ፤ በ2010 እንዲህ ያለ ጥቁር መዝገብ መያዝና መጠቀም በወጣ ደንብ ተከለከለ፤ ኩባንያዎቹም በ2016 ከሠራተኞቹ ጋር ባደረጉት ስምምነት ካሳ ከፈሉ። ለተጎዱት ዘግይቷል፤ ይሁንና ስም መመዝገብ ወንጀለኛ ያደረገው መዝጋቢውን ነው፣ ተመዝጋቢውን አይደለም።

ሕጉ ዛሬ የሚለው ይህ ነው። ሰው የዩኒየን አባል በመሆኑ ምክንያት ከሥራ ቢባረር መባረሩ በቀጥታ እንደ ሕገወጥ ይቆጠራል፤ ለዚህም የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም፣ በገባ በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ይሠራል። ሳያባርሩ ሽፍት መቀነስ፣ ወደማይመች ሕንፃ ማዛወር፣ የዓመት ፈቃድ እየከለከሉ ማሰልቸት የመሳሰለው የበቀል ቅጣትም በዚሁ በ1992ቱ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የተከለከለ ነው። አንድ ነገር ብቻ በልብዎ ይያዙ። በዩኒየን ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ደሞዙ እንዲቀጥል የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱን፣ ትሪቡናሉን፣ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ግን በተባረረ በ7 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ይህ 7 ቀን ቶሎ ያልፋል።

አሁን ወደ ሰዓትዎ ልመለስ፤ በእኔ ግምት ከደብዳቤዎ ሁሉ አስቸኳዩ ይህ ነው። በሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል ተወስዶብዎታል። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ያለው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12 ፓውንድ ከ71 ፔንስ ነው፤ የሚከፈልዎት ይኸው ቢሆን እንኳ በሳምንት 95 ፓውንድ፣ በወር ከ400 ፓውንድ በላይ ጎድሎብዎታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ያንኑ ፎቅ በአጠረ ሰዓት እየጨረሱ ነውና ሥራዎ ረክሷል እንጂ አልቀነሰም።

የጽዳት ኮንትራት ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ሲተላለፍ የሚሠራበት ደንብ አለ፤ እዚህ ያለ ሠራተኛ ሁሉ በአጭሩ «ቱፒ» ይለዋል። በቱፒ መሠረት አዲሱ ኩባንያ ሕንፃውን ብቻ አይረከብም፤ እርስዎንም ከነሥራ ውልዎ፣ ከነስድስት ዓመት አገልግሎትዎ፣ የቀድሞው ኩባንያ ያልከፈለዎት የዓመት ፈቃድ ገንዘብ ካለም ከነዕዳው ይረከባል። በዝውውሩ ምክንያት ብቻ ውሉን ቢቀይር ለውጡ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የድሮውን የሥራ ውልዎን ይፈልጉት። በሳምንት 30 ሰዓት እንደሚሠሩ በጽሑፍ ካለ መሠረትዎ ጠንካራ ነው። «እንደ ሥራው ሁኔታ» የሚል ለስላሳ ቃል ካለበትም ተስፋ አይቁረጡ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ 30 ሰዓት መሥራትዎን የሚያሳዩ ፔይስሊፖች ራሳቸው ምስክር ናቸው። ኩባንያው የሕንፃው ባለቤት በጀት ቀነሰ ሊልዎት ይችላል፤ እውነት ሊሆንም ይችላል፤ ነገር ግን በጀት የቀነሰበት አሠሪ ሠራተኛውን ሰብስቦ ማማከርና ሥርዓቱን መከተል አለበት፣ በስልክ መልእክት የሰው እንጀራ አይቆርስም።

የቱፒን ዋጋ የሚያውቀው ያለ እሱ የኖረ ነው። እርስዎ የሚሠሩትን ሥራ በዚሁ ከተማ ሲሠሩ የነበሩ ሴቶች ከ1970 ጀምሮ ትልቅ እንቅስቃሴ አድርገው ነበር። መሪያቸው ሜይ ሆብስ የተባለች ራሷም የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ የነበረች እናት ናት። ቀን ልጅ ሲያሳድጉ፣ ሌሊት ባዶ ቢሮ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው ሲሠሩ እርስ በርሳቸው እንኳ አይተዋወቁም ነበርና፣ የእንቅስቃሴው ደጋፊዎች በየሕንፃው በር ሌሊት እየቆሙ አንድ በአንድ ይመዘግቧቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ትልቁ ዩኒየን ለእነዚህ ሴቶች ጊዜ አልነበረውም፤ ይህን የምጽፈው ዩኒየን ሁሉ ቅዱስ ነው እንዳይመስልዎት ነው። በ1972 ፉላም በሚገኘው ኤምፕረስ ስቴት ሕንፃ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሆነ ሕንፃ፣ አድማ መትተው የደሞዝ ጭማሪ አገኙ። ሆኖም ያን ጊዜ ኮንትራክተር በተቀየረ ቁጥር የሠራተኛን ውል ይዞ የሚያሻግር ሕግ ስላልነበረ፣ ዛሬ የተገኘው ነገ አዲስ ኩባንያ ሲመጣ ሊተን ይችል ነበር። የዝውውሩ ደንብ መጀመሪያ የወጣው በ1981 ነው፤ እንደ ጽዳት ያለ የአገልግሎት ኮንትራት ሲቀየር እንደሚሠራ በግልጽ የተጻፈው ደግሞ በ2006። እነዚያ ሴቶች ያልነበራቸውን እርስዎ ይዘዋል፤ ያልተጠቀሙበት ሕግ ግን መሳቢያ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሥጦታ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለሱፐርቫይዘርዎ አይስጡት፤ ለኩባንያው የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል በኢሜይል ይላኩት፣ ቅጂውንም ያስቀሩ። የሚለውም ይህን ብቻ ነው፦ «የሥራ ውሌ በሳምንት 30 ሰዓት ነው። በሜይ ወር የሥራ ሰዓቴን ወደ 22 ሰዓት ተኩል መቀነሳችሁን አልተስማማሁበትም። መሥራቴን የምቀጥለው በተቃውሞ ነው፤ መሥራቴ ለውጡን እንደ መቀበል አይቆጠርብኝ። ሰዓቴ እንዲመለስና የቀረብኝ ደሞዝ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ መደበኛ የቅሬታ ማመልከቻዬ ነው።» እንግሊዝኛውን የሚያቃናልዎት ሰው ከፈለጉ ልጅዎ ይበቃል፤ የሕግ ቋንቋ አያስፈልገውም። ዝም ብለው በአዲሱ ሰዓት ወራት ከቆዩ ግን ኩባንያው ኋላ «ተስማምታ ነው የሠራችው» የሚል መከራከሪያ ያገኛል። ከዩኒየኑ በፊት ደብዳቤው ይቅደም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ዩኒየን ውስጥ ፎርም ተሞልቶ፣ ተወካይ ተመድቦ፣ ቀጠሮ ተይዞ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ደብዳቤው ካልሠራ መንገዱ ወደ ሥራ ክርክር ትሪቡናል ነው። በቅድሚያ ኤካስ ወደተባለው የመንግሥት አስታራቂ ተቋም ማስታወቂያ ይገባል፤ ይህ ግዴታ ነው። ገንዘብ የለኝም ብለው አይፍሩ፤ ኤካስም ትሪቡናሉም ዛሬ ክፍያ አይጠይቁም። በ2013 መንግሥት ክስ ለመመሥረትና ለማሰማት በድምሩ እስከ 1,200 ፓውንድ የሚደርስ ክፍያ ጥሎ ነበር፤ የእርስዎን ዓይነት ብዙ ሠራተኛ ከፍርድ ደጅ መለሰ። ያን ክፍያ በሕግ የተሟገተው ዩኒሰን የተባለው ዩኒየን ነበር፤ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስዶ በ2017 አሸነፈ፣ ክፍያውም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተሻረ። ስለ ዩኒየን ተጽዕኖ ሲወራ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የባቡር አድማ ነው። እኔ ግን ለአንድ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ የዚያን ፍርድ ያህል የጠቀማት አድማ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ አባል ሆነችም አልሆነችም።

ይህን ካልኩ በኋላ ዩኒየን ምን ሊያደርግልዎት እንደሚችልና ምን እንደማይችል በግልጽ ልንገርዎት። በ1979 በዚህ ሀገር ከ13 ሚሊዮን በላይ የዩኒየን አባላት ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት ከ6 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጡ ናቸው። የድንጋይ ከሰል ማዕድኑና የብረት ፋብሪካው ተዘጋ፣ የማዕድን ሠራተኞቹ ከ1984 እስከ 1985 ዓመት ያህል ያካሄዱት አድማ ተሸነፈ፣ አድማን የሚያጠብቁ ሕጎች ተደራረቡ፣ ሥራውም እንደ እርስዎ በኮንትራክተር በኩል ወደሚቀጠር ተበታትኖ የሚሠራ ሰው እጅ ገባ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ አባል ሲሆን፣ በግል ኩባንያዎች ግን ከ100 ሰው 12 ገደማ ነው። ስለዚህ እርስዎ ብቻዎን ፎርም ሞልተው ስለገቡ ኩባንያው በነጋታው አይንቀጠቀጥም። አሠሪው እውቅና ያልሰጠው ዩኒየን ስለ ሁላችሁ ደሞዝ ተቀምጦ መደራደር አይችልም፤ እውቅናን በግድ ለማግኘት ደግሞ በቂ አባላት ኖረው ጉዳዩ ለማዕከላዊው የግልግል ኮሚቴ መቅረብ አለበት። ኮሎምቢያዊቷ ባልደረባዎ «እንግባ» ያለችው፣ «ግቢ» ያላለችው፣ ይህን ስለምታውቅ ይመስለኛል።

እውቅና ባይኖርም ግን አንድ የማይነጠቅ መብት አለዎት። ለዲሲፕሊን ወይም በቅሬታዎ ላይ ለመነጋገር ሲጠሩ የዩኒየን ተወካይ ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ኩባንያው «እኛ ከዩኒየን ጋር አንሠራም» ብሎ ሊመልስብዎት አይችልም። ብቻዎን በእንግሊዝኛ ከሁለት ሥራ አስኪያጆች ፊት መቀመጥና ሕጉን የሚያውቅ ሰው ጎንዎ ተቀምጦ መቅረብ ምን ያህል እንደሚለያይ ያየ ያውቀዋል።

እኔ ያየሁት በተገላቢጦሹ ነው። እዚህ ሀገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ዩኒየን ግባ ሲሉኝ የወር መዋጮው ቆጭቶኝ ለሁለት ዓመት ገፋሁት። አንድ ቀን የጠፋ አንሶላ በእኔ ተሳብቦ ለዲሲፕሊን ተጠራሁ፤ በማግሥቱ ሮጬ ተመዘገብኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በትሕትና «ከመግባትዎ በፊት ለተነሳ ጉዳይ ልንቆምልዎት አንችልም» አለችኝ። በወቅቱ ተናደድኩ፤ በኋላ ሳስበው ግን እኛም አገር ሬሳ ቤት ውስጥ ካለ በኋላ ለእድር የሚመዘገብ ሰው ምን እንደሚባል አላጣሁትም። ብዙዎቹ ዩኒየኖች ከተመዘገቡ በኋላ ጥቂት ሳምንታት የመጠበቂያ ጊዜ አላቸው፤ ጠበቃ የሚያቆሙትም ጉዳዩ የማሸነፍ ዕድል አለው ሲባል ነው። ስለዚህ ለሰዓት ቅነሳው ላይደርሱልዎት ይችላሉ፤ ሲመዘገቡ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ደብዳቤዎን ተከትሎ ለሚመጣው ነገር ግን ይደርሱልዎታል፤ የሚመጣ ነገር መኖሩም አይቀርም።

የትኛውን ልምረጥ ብለው አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም ልናገር። ዩኒሰን፣ ዩናይትና ጂኤምቢ ግዙፎቹ ናቸው፤ ጠበቃና ገንዘብ አላቸው፣ ስልክ ለማንሳት ግን ሊዘገዩ ይችላሉ። ባልደረባዎ የምትለው ምናልባት በ2014 የተመሠረተውን ዩናይትድ ቮይስስ ኦፍ ዘ ወርልድን ይሆናል፤ አባላቱ በብዛት በለንደን የሚሠሩ ከላቲን አሜሪካና ከሌላም ዓለም የመጡ ስደተኞች ናቸው። ይህ ትንሽ ዩኒየን በ2017 ከለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ጽዳት ሠራተኞች ጋር፣ በ2019 ደግሞ ፓዲንግተን ከሚገኘው የሴንት ሜሪ ሆስፒታል የጽዳት፣ የወጥ ቤትና የበሽተኛ ማጓጓዝ ሠራተኞች ጋር አድማ አድርጎ፣ ሁለቱም ወገኖች ከኮንትራክተር ወጥተው የተቋሞቹ ቀጥተኛ ተቀጣሪ እንዲሆኑ አድርጓል። በእርስዎ ቦታ ብሆን ባልደረባዬ የምትገባበት ገብቼ አብሬያት እቆማለሁ፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አምስት ሰው አምስት ዩኒየን ውስጥ ከመበተን አንዱ ውስጥ መሰብሰቡ ይጠቅማል።

ስለ ፖለቲካው የወንድምዎን ልብ ለማሳረፍ፦ ከዩኒየኖቹ አንዳንዶቹ ከሌበር ፓርቲ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ፓርቲውን በ1900 ካቋቋሙት መካከልም የሠራተኛ ማኅበራት ይገኛሉ። ለፖለቲካ የሚውለውን የመዋጮ ክፍል አልከፍልም ብለው በጽሑፍ መተው ይችላሉ፤ አባልነትዎ አይነካም። አድማም ቢሆን በድንገት ተጠርቶ አይደረግም፤ አባላት በሚሰጡት ድምፅ ይወሰናል፣ ለአሠሪው አስቀድሞ ይነገራል፣ ያልፈለገ አባል ሥራ ይገባል። አድማ የወጣ ሰው የዚያ ቀን ደሞዝ ይቀርበታል፤ ይህን ደግሞ ማንም አይሸፋፍንልዎት።

ዲሴምበር 2025 የጸደቀው የሥራ መብቶች ሕግ ብዙ ነገር እየለወጠ ነው። ለእናንተ ቤት የሚቀርቡትን ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ሕጋዊው የሕመም ክፍያ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ይጀምራል፤ ቀድሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ባዶ ነበሩ። ሌላው በቅርብ የተቀጠሩ ባልደረቦችዎን ይመለከታል፤ አላግባብ ተባረርኩ ብሎ ለመክሰስ ይጠየቅ የነበረው የሁለት ዓመት አገልግሎት ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ወደ ስድስት ወር ይወርዳል። እርስዎ ስድስት ዓመት ስለሞላዎት ይህ ጥበቃ አስቀድሞም አለዎት።

የእህትዎን ልጅ በተመለከተ፣ እርስዎ ለንደን ውስጥ ዩኒየን መግባትዎ ሌስተር ያለችውን ልጅ በምንም መንገድ አይነካትም። እሷ ራሷ ብትገባም ቪዛዋ አይበላሽም። ስፖንሰር ያደረገ (ለቪዛው ኃላፊነት የወሰደ) አሠሪ ሠራተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ በድምሩ ከአራት ሳምንት በላይ ያለ ደሞዝ ከቀረ ስፖንሰርነቱን ማቆም አለበት፤ ነገር ግን በሕጋዊ አድማ ላይ የዋለባቸው ቀናት ከዚህ ቁጥር ውጭ መሆናቸው በኢሚግሬሽን ደንቡ ላይ ተጽፏል። የእሷ አደጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አሠሪዋ የስፖንሰር ፈቃዱን ቢነጠቅ ወይም ቢያባርራት ሆም ኦፊስ ቪዛዋን ያሳጥረዋል፤ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘትም በተለምዶ የሚሰጣት 60 ቀን ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ይህንን እያወቁ «ከተናገርሽ ቪዛሽን አስነጥቅሻለሁ» ይላሉ። እሷ ከእርስዎ ይልቅ የዩኒየን ተወካይ ያስፈልጋታል ባይ ነኝ። ስለ ቪዛው ራሱ ግን የምታማክረው ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ወይም ጠበቃ ይሁን፤ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቡና ላይ የሚሰጠውን ምክር ትተወው።

ወደ ከባዱ ደረስን። አበልጅዎን ምን ያድርጓቸው? ሥራ ያስገባ ሰው ውለታው ቀላል አይደለም፤ ልጅ ክርስትና ያነሳ ደግሞ ዘመድ ነው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ያስጨነቀዎት ከሆም ኦፊስ ይልቅ የእሳቸው ፊት ይመስለኛል። እኔ እሳቸውን ክፉ ሰው አድርጌ አልሥልም። ምናልባት የነገሩዎትን ራሳቸው ያምኑበታል፤ ምናልባትም ኩባንያው «ሰዎችህን ጸጥ አድርግ» ብሏቸዋል። ሆኖም ሱፐርቫይዘር በሥራ ቦታ የሚናገረው በኩባንያው ስም ነው፤ ሠራተኛን ዩኒየን እንዳትገባ ማስፈራራት ኩባንያውን ሊያስጠይቅ የሚችል ነገር ነውና፣ የተናገሩበትን ቀንና ቦታ ለራስዎ ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ። ያስፍሩት እንጂ አይላኩት። በደብዳቤዎ ውስጥ ስማቸው አይነሳ፤ ሰዓቱን የቀነሰው ኩባንያው ነው፣ ክርክርዎም ከኩባንያው ጋር ነው።

ፈቃድም አይጠይቋቸው። የዩኒየን ነገር በሥራ ቦታም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በልጅዎ ልደት ላይም ለእሳቸው አይነሳ። ከጠየቁዎት «አበልጄ፣ ስለ ሰዓቴ ለኩባንያው ጽፌያለሁ፤ በእርስዎ ላይ ያልኩት ነገር የለም» ይበሏቸው፣ እዚያው ላይ ያቁሙ። አንድ ነገር ግን ለማጣራት ይሞክሩ። የእናንተ ሽፍት በሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ካበቃ የእሳቸውስ የሚያበቃው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሱፐርቫይዘርም ተቀጣሪ ነው፤ ቱፒ እሳቸውንም ይመለከታል፣ ዩኒየን ለመግባትም ማንም አይከለክላቸውም። ሰዓታቸው እንደ እናንተ ተቆርጦ፣ እሳቸው ግን በይሉኝታም በፍርሃትም አፋቸውን ይዘው ከሆነ፣ ለኩባንያው ከጻፉት ደብዳቤ ቅጂ ላይ ስምዎን ሸፍነው ሊሰጧቸው የሚችሉበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀን ነው። ያልተከፈለ ደሞዝ ለመጠየቅ ወደ ኤካስ መግባት ያለበት ደሞዙ ከጎደለበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አዲሱ ሕግ ይህን ጊዜ ወደ ስድስት ወር ሊያራዝመው ነው፤ የእርስዎ ጉድለት ግን የደረሰው በሜይ ነውና በእሱ አይተማመኑ። ጉድለቱ በየወሩ ከቀጠለ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ነው የሚል ክርክርም አለ፤ በእሱም አይደገፉ። የተቀነሰው ደሞዝ መጀመሪያ የገባው በሜይ 29 ከሆነ የእርስዎ የመጨረሻ ቀን ኦገስት 28 ነው። ፔይስሊፑን አውጥተው ቀኑን ያረጋግጡና በፍሪጁ በር ላይ፣ ከልጅዎ የትምህርት ቤት ፕሮግራም አጠገብ ይለጥፉት።